ፓፑዋ እና ኒው ጊኒ፦ ሁለት ግዛት፣ አንድ ቢሮ፣ በመጨረሻ አንድ አገር፤ እንዴት?

ቴምብሩ_ዘፒያሳ ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ሰሞኑን አንድ አሮጌ የቴምብር አልበም እጄ ገብቶ እያገላበጥኩ ነው። የፓስፊክ ገጹ ላይ ስደርስ ነገሩ ተምታታብኝ። አንዱ ቴምብር «ፓፑዋ» ብቻ ይላል። ሌላው የገነት ወፍ የተሣለበት ሲሆን «የኒው ጊኒ ግዛት» ነው የሚለው። ከዚያ በ1952 የወጣ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ካንጋሩ ያለበት «ፓፑዋ እና ኒው ጊኒ» መጣ። ከ1972 ወዲህ ያሉት ደግሞ «ፓፑዋ ኒው ጊኒ» ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ሳነብ ጭራሽ ባሰብኝ። ግማሹ የአውስትራሊያ ይዞታ፣ ግማሹ የተባበሩት መንግሥታት የሞግዚት (የአደራ) ግዛት ነበር ይላሉ። ግን ገዥው አንድ፣ ዋና ከተማው አንድ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱም አንድ። ይሄ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ ነፃ ሲወጡ ለምን ሁለት አገር ሆነው አልወጡም? የምታውቁ አብራሩልኝ። እንዳንምታታ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።

ትርሲት_ሜልበርን መለሰች፦

ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ የምኖረው አውስትራሊያ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓፑዋ ውስጥ ስለተካሄደው የኮኮዳ ጦርነት ተምረው መጥተው ያወሩኛል፤ አውስትራሊያ ራሷ ቅኝ ገዥ እንደነበረች ግን ከእኔ ነው የሰሙት። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ልሞክር።

ደሴቲቱ ትልቅ ናት። ምዕራባዊ ግማሿን ሆላንዶች ያዙ፣ እሱ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ነው። ምሥራቁን በ1884 ጀርመንና እንግሊዝ በአንድ ወር ውስጥ ተቃረጡት። ሰሜኑና እነ ራባውል ያሉባቸው ደሴቶች ለጀርመን፣ ደቡቡ ለእንግሊዝ። እንግሊዝ ድርሻዋን በ1906 ለአውስትራሊያ አስረከበችና «ፓፑዋ» ተባለ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የአውስትራሊያ ወታደሮች ራባውል ገብተው የጀርመኑን ክፍል ያዙ። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ያንን ክፍል በአደራ ሰጣቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁለት የሆነው። ፓፑዋ የራሳቸው ንብረት፣ ኒው ጊኒ ግን የአደራ ዕቃ።

ጎን ለጎን ያሉ ግዛቶች ናቸው፣ ገዥያቸው አንድ መንግሥት ነው፣ ግን እስከ 1942 ድረስ ለየብቻ ነበር የሚተዳደሩት። የፓፑዋ ዋና ከተማ ፖርት ሞርስቢ፣ የኒው ጊኒው ራባውል። የመንግሥት ሠራተኛው ለየብቻ፣ ሕጉ ለየብቻ። ኒው ጊኒ መሐሉ የተበሳ የራሷ ሽልንግ ሁሉ ነበራት። ኑሯቸውም አይገናኝም። ፓፑዋን ከ1908 እስከ 1940 ሂዩበርት መሪ የሚባል አንድ ሰው በትንሽ በጀት ይዟት ቆየ። ኒው ጊኒ ውስጥ የኮፕራ (የደረቀ የኮኮናት ሥጋ) እርሻ አለ፣ በኋላም ወርቅ ተገኘ። ቡሎሎ ለሚባለው የወርቅ ቦታ መንገድ ስላልነበረ ግዙፎቹን የወርቅ ማውጫ መርከቦች በታትነው፣ በአውሮፕላን ጭነው፣ ሸለቆው ውስጥ መልሰው ገጣጠሟቸው። በ1930ዎቹ! አልበምህ ውስጥ ቡሎሎ የሚል የአምስት ፓውንድ ቴምብር ካለ ግን ዝም ብለህ ደብቀው፣ ውድ ነው።

ያዋሃዳቸው ጦርነት ነው። በ1939 ጉዳዩን ያጠና ኮሚቴ ሁለቱ ይዋሃዱ የሚለውን ሐሳብ አልደገፈም ነበር። በጥር 1942 ጃፓን ራባውልን ያዘች፣ በየካቲት ፖርት ሞርስቢ በቦምብ ተደበደበች፣ ሁለቱም የሲቪል አስተዳደሮች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አንድ የአውስትራሊያ ጦር ክፍል ያስተዳድራቸው ጀመር። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ሁለት ቢሮ ለመመለስ ሰውም ገንዘብም አልነበረም። ራባውል በ1937 በእሳተ ገሞራ ከተመታች በኋላ ቀድሞውንም ዋና ከተማነቷ ሊነሳ የተወሰነባት ነበረች፤ ጦርነቱ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው። በ1945 ጊዜያዊ አዋጅ ወጣ፣ በ1949 ቋሚው። የ«አስተዳደር ኅብረት» የሚባለው ይሄ ነው።

ጠያቂው_ቶማስ መለሰ፦

ትርሲት፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ነገሩ ለእኔ ቀላል ነው። የአደራ ዕቃ ወስደህ ከራስህ ዕቃ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ከከተትከው በኋላ የማን ነው ይባላል? መዋጥ ነው እኮ። «የአስተዳደር ኅብረት» የወረቀት ስሙ ነው።

ጡረተኛው_መምህር መለሱ፦

ልጄ ቶማስ፣ ያልከውን ሥጋት በጊዜው የተባበሩት መንግሥታት ራሱ አንሥቶታል። በዚያ ዘመን ቅኝ ገዥዎቹ ሁሉ ይሄንኑ ያደርጉ ነበር። ቤልጅግ ሩዋንዳ-ኡሩንዲን ከኮንጎ ጋር ከ1925 ጀምሮ በአስተዳደር አያይዛለች። እንግሊዝ ምዕራብ ቶጎላንድን ከጎልድ ኮስት ጋር፣ የካሜሩን ድርሻዋን ከናይጄሪያ ጋር፣ ታንጋኒካን ከኬንያና ከኡጋንዳ ጋር በጋራ አገልግሎቶች ታስተዳድር ነበር። የድርጅቱ የአደራ ምክር ቤት ይሄ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላላ ውህደት እንዳይሄድ የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ እስከማቋቋም ደርሷል።

አውስትራሊያ ግን በሩን ክፍት አድርጋ ነው የገባችው። በ1946 መጨረሻ የጸደቀው የአደራ ስምምነት አንቀጽ 5፣ ኒው ጊኒን ከሌላ በአውስትራሊያ ሥር ካለ ግዛት ጋር በጉምሩክ፣ በገንዘብ ወይም በአስተዳደር ለማጣመር በግልጽ ይፈቅዳል። በ1949 የወጣው አዋጅም ጥንቃቄ አለበት። ሁለቱን በአንድ አስተዳዳሪ፣ በአንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥር ካዋለ በኋላ የኒው ጊኒ የአደራ ግዛትነት እና የፓፑዋ የዘውድ ይዞታነት እንደተጠበቁ ይቀጥላሉ ይላል።

በሥራ ላይ ሲታይ ይሄ ምን ማለት ነው ቢሉኝ፣ አንዱን ልንገርዎ። ፖርት ሞርስቢ ያለው ያው መንግሥት በየዓመቱ ሁለት ሪፖርት ይጽፋል። ስለ ኒው ጊኒ አንድ ዳጎስ ያለ ሪፖርት ለተባበሩት መንግሥታት፣ ስለ ፓፑዋ ሌላ ሪፖርት ለራሱ ለአውስትራሊያ ፓርላማ። ያው ጸሐፊ፣ ያው የጤና መምሪያ፣ ያው መኪና፣ ግን ወጪና ገቢው፣ የሆስፒታል አልጋው፣ የተማሪው ቁጥር ሁሉ በካርታው መሥመር ለሁለት ይሰነጠቃል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው መሥመሩን እየተሻገረ ሲሠራ ደመወዙ በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ እየተባለ ይሠራ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ይገባዋል።

ሕጉም እንዲሁ። የድሮ የፓፑዋ ድንጋጌዎች በፓፑዋ፣ የኒው ጊኒዎቹ በኒው ጊኒ ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን ጸንተው ቆይተዋል። አዲሱ ምክር ቤት ያወጣው ብቻ ነው ለሁለቱም የሚሠራው።

ቴምብሩ_ዘፒያሳ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ ያ ምክር ቤት የማን ነበር? የአገሬው ሰው ነበረበት?

ጡረተኛው_መምህር፦

በ1951 ሲከፈት 29 አባላት ነበሩት። አስተዳዳሪው ራሱ፣ 16 ባለሥልጣናት፣ ነጮቹ ነዋሪዎች የመረጧቸው 3፣ ከሚሲዮን 3፣ ሌሎች ተሿሚዎች 3፣ ተወላጆች 3። ሦስቱ ተወላጆች ተሿሚዎች ናቸው። ሒሳቡን ራስህ ሥራው።

ቀልደኛው_ዳዊት፦

ከ29 ሦስት? የዕድራችን ኮሚቴ ውስጥ እንኳ ወጣቱ ከዚያ የተሻለ ድምፅ አለው 😄

ሕግ_ተማሪዋ_ሐዋሳ፦

ወደ ቶማስ ጥያቄ ልመለስና። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም፣ ሰው ላይ ያርፍ ነበር። ፓፑዋ የተወለደ ሰው የዘውዱ ይዞታ ውስጥ ስለተወለደ ከ1949 ጀምሮ በሕግ የአውስትራሊያ ዜጋ ነው። ኒው ጊኒ የተወለደው ግን የአደራ ግዛት ሰው ስለሆነ ዜጋ አይደለም፣ «በአውስትራሊያ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው» ነው የሚባለው። ሁለት የአጎት ልጆች አንዱ ከመሥመሩ ወዲህ አንዱ ወዲያ ቢወለዱ አንዱ ዜጋ፣ አንዱ ጥገኛ።

የሚያስቀው ደግሞ ያ «ዜግነት» ምን ያደርግለት እንደነበር ነው። ዜጋ የተባለው ፓፑዋዊ ወደ አውስትራሊያ ለመግባት እንደ ውጭ ሰው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እዚያ የመኖር መብት የለውም፤ በአውስትራሊያ ፓርላማም ወኪል የለውም። በ1975 ነፃነት ሲመጣ ያ ዜግነት ቀረ። ከ30 ዓመት በኋላ በ2005 አንድ ፓፑዋ የተወለደ ሰው «እኔ እኮ አሁንም አውስትራሊያዊ ነኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የነጠቃችሁኝ» ብሎ እስከ አውስትራሊያ የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በነፃነት ቀን የአዲሲቱ አገር ዜጋ ሆነሃል፣ የአውስትራሊያው ያኔ አብቅቷል ብሎ ፈረደበት። እኔ ፍርዱን በሕግ ዓይን ብረዳውም ከመጀመሪያው ያ ዜግነት ለምን ተሰጠ የሚለው አይዋጥልኝም።

ጠያቂው_ቶማስ፦

በቃ! እኔም ያልኩት እሱን ነው። ለስሙ ዜጋ።

ተሻጋሪው_ጅግጅጋ፦

ጥሩ ውይይት ነው። እኛ ሰፈር አጠገብ ያለውን ልጨምር። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣ፣ በአምስተኛው ቀን ሐምሌ 1 ከጣሊያኑ የአደራ ግዛት ጋር ተቀላቀለ። አንዱ የእንግሊዝ ጥብቅ ግዛት፣ አንዱ የአደራ ግዛት፤ ልክ እንደነ ፓፑዋ። ልዩነቱ ሶማሌዎቹ ከዚያ በፊት አብረው የሠሩበት አንድ ቢሮ አልነበራቸውም። የሁለት አገር ፋይል፣ የሁለት አገር ሕግ፣ አንዱ ጣሊያንኛ አንዱ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ይዘው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጋቡ። ሰሜኑ በ1991 «ተለያይቻለሁ» አለ። ፓፑዋና ኒው ጊኒ ግን 30 ዓመት ያህል አንድ ቢሮ ውስጥ ቆይተው ስለወጡ ይመስለኛል የጸኑት።

ጡረተኛው_መምህር፦

ንጽጽሩ ጥሩ ነው፤ ግን ቢሮ ብቻውን አገር አይሠራም። ሩዋንዳ-ኡሩንዲ ከኮንጎ ጋር 35 ዓመት ያህል በአስተዳደር ተያይዛ ኖራ በ1960 ኮንጎ ብቻዋን ወጣች። በ1962 ደግሞ ሩዋንዳና ቡሩንዲ እርስ በርሳቸውም ተለያይተው ሁለት አገር ሆኑ። የምዕራብ ቶጎላንድ ሕዝብ በ1956 ድምፅ ሰጥቶ ከጎልድ ኮስት ጋር ተዋሐደ፣ ጋና ሆነ። የእንግሊዝ ካሜሩን በ1961 ለሁለት ተከፍሎ ሰሜኑ ወደ ናይጄሪያ፣ ደቡቡ ወደ ካሜሩን ሄደ። ስለዚህ ያው መድኃኒት ለአምስት በሽተኛ አምስት ዓይነት ውጤት ነው የሰጠው።

አንድ የእኛን ነገር ላስታውሳችሁ። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት የቅኝ ግዛቶችን ነፃነት የሚከታተል ባለ 17 አባላት ኮሚቴ ሲያቋቁም ኢትዮጵያም አውስትራሊያም አባላት ነበሩ። ተገዢ የሌለው አገር እና ገዥ አገር በአንድ ጠረጴዛ።

ነፃ_ሐሳብ፦

ስለ ኅብረት ከተነሣ የ1952ቱን የኤርትራ ፌዴሬሽን እንዴት ዝም ትላላችሁ? እሱም የተባበሩት መንግሥታት ሥራ ነው፣ በ1962 ፈረሰ፣ ከዚያ...

አወያይ፦

ነፃ_ሐሳብ፣ ስለ ፌዴሬሽኑ 40 ገጽ የሞላ የራሱ ክር አለ፣ እዚያ ቀጥል። እዚህ ፓስፊክ ላይ እንቆይ፤ ያለፈው ጊዜ ያየነው ይበቃናል።

ቡና_ላኪው_ሰይፉ፦

አወያይ፣ እኔ ግን ኢትዮጵያን ባነሳ ይፈቀድልኝ፣ ቡና ስለሆነ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማው ቡና አረቢካ ነው፣ አያቱ የእኛው ጫካ። በየዓለሙ ዞሮ ዞሮ ነው እዚያ የደረሰው። ከጎሮካና ከማውንት ሃገን የሚመጣው ገበያ ላይ ይፎካከረናል፣ በዓይነቱም መጥፎ አይደለም።

የማነሳው ግን ለሌላ ነው። ያ ቡና በመኪና ወደ ላኤ ወደብ ነው የሚወርደው። ዋና ከተማው ፖርት ሞርስቢ ግን ከላኤም ከደጋውም ጋር እስከ ዛሬ በመንገድ አይገናኝም። ከዋና ከተማው ወደ ሁለተኛው ትልቅ ከተማ የምትሄደው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ሁለቱ ግዛቶች በወረቀት ከተዋሐዱ ከ75 ዓመት በላይ ሆነ፣ መንገዱ ግን የለም። አገሩን አንድ ያደረገው መንገድ አይደለም ማለት ነው።

ትርሲት_ሜልበርን፦

ሰይፉ ዋናውን ነገር አነሣኸው። ደጋው የሚገርም ታሪክ አለው። እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የባሕር ዳርቻ ገዥዎቹ መሐሉ ተራራ ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም ብለው ያምኑ ነበር። ወርቅ ፈላጊዎች ሲወጡ በሚሊዮን የሚጠጋ ገበሬ አገኙ። በ1975 ባንዲራ ሲሰቀል በወጣትነቱ የመጀመሪያውን ነጭ ያየ የደጋ ሽማግሌ ገና በሕይወት ነበር። ፓርላማ ውስጥም ነበሩ።

ለዚህ ነው ነፃነት ሲቃረብ የተቃውሞው ካርታ እንዲህ የሆነው። ደጋው «ገና ነን፣ ጊዜ ስጡን» አለ። የፈራው አውስትራሊያን ሳይሆን ቀድሞ የተማረውን የባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ዛሬ ብንወጣ ጸሐፊውም ዳኛውም ሚኒስትሩም እነሱ ይሆናሉ የሚል ሥጋት ነው። ምክንያታዊ ሥጋት ይመስለኛል። ራባውል አካባቢ ያሉት ቶላይዎች ደግሞ በተቃራኒው «ለምን ዘገያችሁ፣ መሬታችንን መልሱ» እያሉ ነበር። ከ1969 ጀምሮ የማታውንጋን ማኅበር የሚባለው ከነጭ ጋር የተቀላቀለውን የአካባቢ ምክር ቤት አንቀበልም ብሎ ተነሣ፤ በ1971 የወረዳው ኮሚሽነር ተገደለ።

የሚገርመው ግን የፓፑዋ ነው። ቶማስ «መዋጥ» ያለውን የፓፑዋ ሰዎች ራሳቸው በተቃራኒው አቅጣጫ ብለውታል። ብዙ ሕዝብ ያለው፣ ቡናው፣ ኮፕራውና መዳቡ ያለው ኒው ጊኒ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዓይን ያለበትም እሱ ነው። ስለዚህ አውስትራሊያ ገንዘቧን ወደዚያ እያፈሰሰች እኛ «የራሷ» የተባልነው ተረሳን አሉ። ጆሴፊን አባይጃ የምትባል፣ ለግዛቱ ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ፓፑዋ ቤሴና የሚባል ንቅናቄ አቋቁማ በመጋቢት 1975 የፓፑዋን ነፃነት ለብቻ አወጀች። አሳዳጊ የሚጎበኘው የጎረቤት ልጅ ጥሩ ሲለብስ የራሱ ልጅ ቡቱቶ ለብሶ ሲቀር ማለት ነው። አዋጁን ማንም አልተቀበለውም፣ ደምም አልፈሰሰም፣ ስሜቱ ግን ቆይቷል።

ቴምብሩ_ዘፒያሳ፦

የአባይጃን ነገር ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም! እህቴ፣ ከ1951ዱ «ከ29 ሦስት» ምክር ቤት ወደ 1975 እንዴት ተደረሰ? 24 ዓመት ብቻ ነው እኮ።

ትርሲት_ሜልበርን፦

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ምንም አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ከ1951 እስከ 1963 የግዛቶች ሚኒስትር የነበረው ፖል ሃስላክ ሐሳቡ «ሁሉም እኩል ይደግ» ነበር። ጥቂት ምሁራን ከማፍራት በፊት ሁሉም መንደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይድረሰው አለ። ሲሰሙት መልካም ነው። ውጤቱ ግን በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ አገሩን የሚረከብ ዲግሪ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ።

በ1962 በሂዩ ፉት የሚመራ የተባበሩት መንግሥታት ቡድን መጥቶ ጎበኘ። ሪፖርቱ ለዲፕሎማት ሪፖርት ጠንከር ያለ ነው። በቀጥታ የተመረጠ ወደ 100 መቀመጫ ያለው ፓርላማ አቋቁሙ፣ ዩኒቨርሲቲ ክፈቱ አለ። የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት አስቀድመን አስበንበት ነበር አሉ፤ እኔ ግን ግፊቱ ባይኖር እንዲህ ቶሎ የሚሆን አይመስለኝም። በ1964 ባለ 64 መቀመጫ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። 44ቱ ለሁሉም ክፍት፣ 10ሩ ለተወላጅ ላልሆኑ የተያዙ፣ 10ሩ ባለሥልጣናት። በ1965 ፖርት ሞርስቢ ዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ። በ1967 ፓንጉ ፓርቲ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የቀድሞ መምህርና የሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይክል ሶማሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የተባበሩት መንግሥታት ሥልጣን ያለው ኒው ጊኒ ላይ ብቻ ነው። ፓፑዋ በሕግ አይመለከተውም። ግን ቢሮው አንድ ስለሆነ የሂዩ ፉት ቡድን ለኒው ጊኒ የጠየቀው ፓርላማ ለፓፑዋም አብሮ ተሰጠ። ለአንዱ የወጣው ለሌላው ተረፈ። የአስተዳደር ኅብረቱ ትልቁ ውጤት ይሄ ይመስለኛል፤ ከመጀመሪያው ሲታሰብ ማንም ለዚህ አላሰበውም።

በ1972 ምርጫ ሶማሬ ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮ ዋና ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አውስትራሊያ ውስጥ ጎፍ ዊትላም ሥልጣን ያዘ። ዊትላም አገሬ ቅኝ ገዥ ተብላ ስትጠራ የሚያፍር ሰው ነበር፤ ቶሎ ውጡ ባይ ሆነ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1973 የራስ አስተዳደር፤ ነሐሴ 15 ቀን 1975 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ መስከረም 16 ቀን 1975 ነፃነት። ጥቅምት 10 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ ጆን ጋይዝ ከፓፑዋ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሶማሬ ከኒው ጊኒው ሴፒክ። ሥልጣኑ ለሁለቱም ወገን የደረሰው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ጠያቂው_ቶማስ፦

እሺ፣ ስለ ፓፑዋ ያልሽው አሳምኖኛል ባይባልም አሳስቦኛል። ቡገንቪል የምትባለው ደሴትስ? እሱ እንኳ መዋጥ አይደለም አትበይኝ።

ሕግ_ተማሪዋ_ሐዋሳ፦

ቡገንቪል ላይ ቶማስ ልክ ነህ። መልክዓ ምድሩም ሕዝቡም ከሰለሞን ደሴቶች ጋር ነው የሚቀጥለው። በ1899 ጀርመንና እንግሊዝ በሳሞአ ጉዳይ ሲደራደሩ ጀርመን ሌሎቹን የሰለሞን ደሴቶች ለእንግሊዝ ለቀቀች፣ ቡካና ቡገንቪልን ግን ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ ያ መሥመር በአደራ ግዛቱም በአስተዳደር ኅብረቱም ውስጥ ሳይነካ አለፈ። በ1972 ፓንጉና ላይ ግዙፍ የመዳብ ማዕድን ሥራ ሲጀምር ዋናው የአገሪቱ ገቢ ምንጭ ሆነ። ወንዙ የተበከለው፣ መሬቱ የተቆፈረው የቡገንቪል ነው፤ ገንዘቡ ግን ፖርት ሞርስቢ ገባ።

አገሪቱ ነፃ ልትወጣ 15 ቀን ሲቀራት፣ መስከረም 1 ቀን 1975፣ ቡገንቪል «የሰሜን ሰለሞን ሪፐብሊክ» ብሎ አወጀ። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ በተግባር የመራው አባ ጆን ሞሚስ እዚያው የቡገንቪል ቄስ ነው። ላዩ ላይ ሰብሳቢው ሶማሬ፣ ሥራውን የያዘው ምክትሉ ሞሚስ። ሞሚስ ለክፍለ አገሮች ሰፊ ሥልጣን እንዲሰጥ ተሟግቶ ነበር፤ ያ ክፍል በመጨረሻው ሰዓት ከሕገ መንግሥቱ ተቆርጦ ሲወጣ ከቡገንቪል ጋር ሆነ። በ1976 ስምምነት ተደረሰ፣ የክፍለ አገር መንግሥት ተሰጣቸው፣ ሪፐብሊኩ ታጠፈ። ግን በ1988 ማዕድኑ ላይ የተነሣው አመፅ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለወጠ፣ 10 ዓመት ፈጀ፣ ማዕድኑም በ1989 ተዘጋ። በ2001 የሰላም ስምምነት፣ በ2019 መጨረሻ ሕዝበ ውሳኔ። 98 በመቶ ያህሉ ለነፃነት ነው ድምፅ የሰጠው። ውጤቱ ግን በራሱ አስገዳጅ አይደለም፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ፓርላማ ማጽደቅ አለበት።

ተሻጋሪው_ጅግጅጋ፦

98 በመቶ ድምፅ ሰጥተህ «ፓርላማው ይወስናል» ስትባል... እሱ ነው የሚያምመው።

ጡረተኛው_መምህር፦

የ1949ኙ አዋጅ ጸሐፊዎች ስለ ቡገንቪል ያሰቡ አይመስለኝም። የሁለት ግዛቶችን ማንነት ሲጠብቁ ሁለቱ የፈረንጅ መሥመሮች ብቻ ናቸው የታዩአቸው። በመሥመሮቹ ውስጥ ከ800 በላይ ቋንቋ ያለው ሕዝብ እንዳለ አልቆጠሩትም። ለአስተዳደር የሚመች መሥመር ለአገር ግን ሁልጊዜ አይመችም።

ቀልደኛው_ዳዊት፦

800 ቋንቋ? ታዲያ ፓርላማው ውስጥ በምን ይነጋገራሉ?

ትርሲት_ሜልበርን፦

😄 በዋናነት ቶክ ፒሲን፣ ከእንግሊዝኛ የተወለደ የጋራ ቋንቋ ነው፣ በኒው ጊኒ በኩል የተስፋፋ። የፓፑዋው ሂሪ ሞቱ ነበር፣ ዛሬ እየቀነሰ ነው። እንግሊዝኛም አለ። በድሮው የኒው ጊኒ እርሻዎች ላይ ከየመንደሩ የመጣ ሠራተኛ ሲገናኝ ነው ቶክ ፒሲን የበረታው። ምክር ቤቱም ሲጀመር ጀምሮ በአስተርጓሚ ነው የሠራው።

ቴምብሩ_ዘፒያሳ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ካርታው ላይ ከፓፑዋ ጠረፍ አፍንጫ ሥር ያሉ ደሴቶች የአውስትራሊያ ተብለው ተቀልመዋል። ስሕተት ነው ወይስ?

ሕግ_ተማሪዋ_ሐዋሳ፦

ስሕተት አይደለም። የኩዊንስላንድ ቅኝ ግዛት በ1879 ነው የወሰዳቸው፣ ፓፑዋ እንኳ ከመያዟ በፊት። ሳይባይ የምትባለው ደሴት ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ጠረፍ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከአውስትራሊያ ዋና ምድር ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሶማሬ ከነፃነት በፊትም በኋላም ድንበሩ ይስተካከል ብሎ ተከራክሯል፤ ደሴተኞቹ ግን አውስትራሊያዊ ሆነን መቅረት እንፈልጋለን አሉ። በ1978 የቶረስ ባሕረ ወሽመጥ ስምምነት ተፈረመ፣ በ1985 ሥራ ላይ ዋለ። ደሴቶቹ ለአውስትራሊያ ቀሩ፤ የባሕሩ ወለል መሥመር ከደሴቶቹ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ከሁለቱም ዳር ያሉ የጥንት ነዋሪዎች ለዓሣ፣ ለገበያና ለለቅሶ ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ እንዲሻገሩ ተፈቀደ። እስከ ዛሬ በጀልባ ይሻገራሉ።

ጠያቂው_ቶማስ፦

ለለቅሶ ያለ ፓስፖርት? እንግዲህ አንድ ደህና ነገር ሠርተዋል። ትርሲት፣ ከቻልሽ ስለ ቶላይዎቹ የመሬት ጉዳይ ሌላ ክር ክፈቺልን፤ የእርሻዎቹ መሬት በመጨረሻ ለማን ተመለሰ?